ሴትዮዋ ጀልባው ላይ ምን አለች

ስለ ሲኒማ ደንገል የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ ግማሹን ብቻ እመኑት። እኔንም ጭምር። ያደግሁት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱም አባቴ ናቸው፤ ይኸው ስድሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ግን እዚያ ሸራ ላይ ሳየው የኖርሁት ነገር ምን እንደነበረ በቅጡ አላውቅም። ያልገባኝን ነገር ማስረዳት አልወድም፤ ያናድደኛል። ዛሬ እንደምንም እሞክራለሁ፤ መሀል ላይ ግራ ከገባችሁ ግን እኔም ግራ እንደገባኝ እወቁልኝ።

ሲኒማው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ከጨርቅ ተራው ጀርባ ነው። አባቴ ሐጂ አብዱልበሲጥ ያኔ ገና ሐጅ ያላደረጉ ወጣት ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ ሄደው አንድ ቀን ሲኒማ ገቡ፤ ሲወጡ ጨርቁን ረስተውት ወጡ ይባላል። የነበራቸውን ሁሉ ግንብ ላይ አፈሰሱት። ስሙንም ታንኳ ከሚሠራበት ከደንገል ወሰዱት፤ "ደንገል አይሰጥምም" ብለው። ደንገል ውሎ ሲያድር ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ የሐይቅ ዳር ሰው ሆነው መርሳታቸው ይገርመኛል።

ከዚያማ አዳራሹ ያልሆነው ነገር የለም። አብዮቱ መጣና የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆነ። ደርግ ሲወድቅ ተመለሰልን፤ ወንበሮቹ ግን እንደ ወጡ ቀሩ። ቪዲዮ ቤት ሆነ። የእንግሊዝ ኳስ ማሳያ ሆነ። የሠርግ አዳራሽ ሆነ። አንድ ዓመት ደግሞ የቆጋ መስኖ ሽንኩርት ተከምሮበት ከረመ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ግድግዳው እስከ ዛሬ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። አሁን ሰው ሁሉ ሲኒማውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ስለሚዞር ዝም ብሎ ተዘግቶ ይውላል። እኔ በሩ አጠገብ ባለችው ሱቅ ጨርቅ እሸጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ገብቼ አቧራውን አራግፋለሁ፤ ለማን እንደማራግፍ ግን አትጠይቁኝ።

ባለፈው ዓመት አካሉ የሚባል ነጋዴ መጣ። ገዝቶ ሊያፈርሰውና ፎቅ ሊሠራበት ነው። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ አባቴ ዘንድ ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ልጠላው ፈልጌ አልሆነልኝም። አባቴ እሺ ሊሉት ተቃረቡ። እኔ እምቢ አልሁ።

"ምን ይሠራልሻል?" አሉኝ። "ሽንኩርቱ እንኳ ትቶት ሄዷል።"

ምን እንደሚሠራልኝ ልነግራቸው አልቻልሁም። ለእናንተ እነግራችኋለሁ።

እናቴ ሰሚሐ እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ተፋትታ፣ ሐይቁን ተሻግራ ደልጊ ገባች። እዚያ ሌላ ባል አገባች፤ እኔ ጉብል ሳለሁም እዚያው ሞተች። በመሀሉ አንድ ቃል አልመጣልኝም። ልሂድ ባልሁ ቁጥር አባቴ "ብትፈልግሽ ሰው ትልክ ነበር" ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው ብዬ ቁጭ እላለሁ። ታዲያ እናቴ በሄደች ዓመት፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል፣ አንድ የሕንድ ፊልም መጣልን። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰፈሩ "ጀልባዋ" ይለው ነበር። አንዲት ሴት ከባሏ ተጣልታ፣ ልጇን ትታ በጀልባ ትሄዳለች። በሄደችበት አገር የአንድ ጨካኝ ሰው ገረድ ሆና ስታለቅስ ትከርምና መጨረሻ ላይ በዚያችው ጀልባ ትመለሳለች፤ ባል ይቅር ይላታል፤ ልጅቱ ሮጣ አንገቷ ላይ ትጠመጠማለች። ባሕር ዳር አለቀሰ። ከመራዊና ከወረታ ሰው በጭነት መኪና እየመጣ አለቀሰ። እኔ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ በታየ ቁጥር አየሁት፤ ሴትዮዋም በታየ ቁጥር ተመለሰች። የእናቴ መልክ ሲጠፋብኝ የሸራዋን ሴት መልክ ሰጠኋት። እንግዲህ ይህ አዳራሽ ከፈረሰ እናቴ የምትመለስበት ቦታ የለም። የሞኝ ምክንያት ነው፤ አውቃለሁ፤ ግን የእኔ ነው።

ለአባቴ የነገርኋቸው አጭሩን ነው። "'ጀልባዋን' ደግሜ ላሳይ። ሰው ካልመጣ ይሽጡት።"

የፊልሙን ስም ስጠራ ጺማቸውን መጎተት ጀመሩ። ከየት ታመጣዋለች ብለው መሰለኝ፣ ትንሽ ቆይተው እሺ አሉ። "ግን አንድ ቀን ማንም ሰው ለወሬ ይመጣል" አሉኝ። "ቅዳሜም እሑድም አሳዪ። በሁለተኛው ቀን ከሞላ አልሸጥም። ካልሞላ ግን አፍሽን ትዘጊያለሽ።"

ፊልሙን ያገኘችልኝ ሊድያ ናት። ሊድያ የሐዋሳ ልጅ ናት፤ እዚህ ኮሌጅ ታስተምራለች፤ ሱቄ ጨርቅ ስትገዛ ነው የተወዳጀነው። ጓዳችን ውስጥ የቀረውን የተላጠ ፖስተር ፎቶ አንስታ፣ ከኢንተርኔት ቆፍራ አወጣችው። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ተከትላም ከሥሩ አማርኛ አስገባችበት። "አስቀድመሽ እይው" ስትለኝ እምቢ አልኋት። ከሰው ጋር፣ እንደ ድሮው ነው የማየው አልኋት። ዕድሜዬን ሙሉ ትዕግሥት የሌለኝ ሴትዮ በማይሆን ቀን ታገሥሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ቅዳሜ እንሂድ። በእኛ ጊዜ ፊልሙ የሚያወራው ሕንድኛ ነው፤ ተመልካቹ ደግሞ ሕንድኛ አይችልም። ስለዚህ ከሸራው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በማይክሮፎን የሚተረጉም ሰው ነበረን፤ ጋሽ ቢያዝን። ጋሽ ቢያዝን የሴቷንም የወንዱንም የፈረሱንም ድምፅ ያወጡ ነበር። አዲስ ፊልም በአውቶቡስ ሲደርስ እሳቸውና አባቴ በር ዘግተው ባዶ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ያዩታል፤ ከዚያ ጋሽ ቢያዝን ታሪኩን ይዘው ይወጣሉ። ሕንድኛ የት ተማሩ ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ሾፌሩን መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ ይላል እንዴ?

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሳየን፤ አሁን አሁን ከመሸ ሰው ስለማይወጣ ነው። ከሠርግ ዕቃ አከራዮች የፕላስቲክ ወንበር ተውሰን ደረደርን። ሰው መጣ! ያኔ በእናቱ ጀርባ የመጣው ዛሬ ሸብቶ በከዘራ መጣ። ባንቺአየሁ የምትባል፣ ልጅ ሆነን ፊተኛው ወንበር ላይ አብራኝ የምትቀመጥ፣ አሁን ሐይቁ ዳር አሣ ቤት ያላት ጓደኛዬ መሐረቧን ከቤቷ አጥፋ ይዛ መጣች። "ለጀልባው ነው" አለችኝ። አባቴ መሀል ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ቢያዝንም ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ፤ ሰላም ሳይሉኝ አልፈው ጥግ ያዙ። ከፋኝ፤ ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል ብዬ ተውሁት።

ፊልሙ ተጀመረ። ሴትዮዋ ከባሏ ተጣላች፤ ጀልባው ላይ ወጣች። ባንቺአየሁ መሐረቧን ዘረጋች። ከዚያ ሴትዮዋ ጀልባው ላይ ቆማ መጨፈር ጀመረች።

ይህን ጭፈራ ባሕር ዳር ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ ቢያዝን ያኔ በማይክሮፎኑ "እዩ ኀዘኗን! ሕንድ ሲያዝን ይጨፍራል፤ እኛ ደረት እንደምንመታው ማለት ነው" ብለው አስረድተውናል። ሰፈሩ ይህን እንደ እውቀት ይዞት ኖሯል። አንድ የሕንድ መምህር የጓደኛው ሠርግ ላይ ሲጨፍር አይታ ባንቺአየሁ ጠጋ ብላ "እግዜር ያጽናህ ወንድሜ" እንዳለችው በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውዬውም አመሰገናት።

አሁን ግን ከጭፈራው ሥር የሊድያ ጽሑፍ መጣ፦ "ዛሬ ገና ተነፈስሁ! ዛሬ ገና ሰው ሆንሁ!"

አዳራሹ አጉረመረመ። "ምን አለች?" "ተነፈስሁ ነው የሚለው።" "ከማልቀስ ብዛት ነዋ!" "አይ፣ ደስ ብሏት ነው የሚመስለው።" "ኧረ ዝም በሉ፣ ፊልሙን እንይበት!"

ቀጠለ። ሴትዮዋ ማዶ ደረሰች፤ ጨካኙ አሠሪዋም መጣ። ሳህን ይዞ ሲቀርብ ያ ሁሉ ሽማግሌና ባልቴት በአንድ ድምፅ "አትብዪ!" ብሎ ጮኸ። እኔም ጮኽሁ። ያኔ ምግቡ መርዝ ነበራ፤ ሁልጊዜ እንጮህላት ነበር። ሴትዮዋ በላች። ሳቀችና ከሥሯ "እጅህ ይጣፍጣል፣ ውዴ" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

"ውዴ?" አለች ባንቺአየሁ ቆማ። "አሠሪዋን ነው ውዴ የምትለው?"

ከዚያ በኋላ ፊልሙን የሰማው የለም። አንዱ ሌላ ፊልም ነው ያመጡት አለ። ሌላው ፊልሙስ ይኸው ነው፣ ሕንዶች በኋላ ቆርጠው ቀጥለውታል አለ። ሌላው ደግሞ አጻጻፉ ነው ነገር ያበላሸው ብሎ ሊድያ ላይ ጣቱን ቀሰረ። ምስሉ ያው ነው፤ ጀልባዋ ያችው፣ ቀይ ልብሷም ያው፣ ሳህኑም ያው። ታሪኩ ብቻ ሌላ ነው። የማውቀውን ቤት ገብቼ ዕቃው ሁሉ ተገልብጦ ያገኘሁት መሰለኝ። አባቴ ከመሀል ተነስተው "መብራት አብሩ!" አሉ። ፊልሙ መሀል ላይ ቆመ።

"ዘይነት!" አለችኝ ባንቺአየሁ መሐረቧን እያሳየችኝ። "ደረቅ ነው፤ እይው! እኔ ያለቀስሁበትን ፊልም ነው የምፈልግ።"

"ያለቀስሽበት ይኸው ነው" አለች ሊድያ ፊቷ ቀልቶ። "የጻፍሁት የምትለውን ነው። አንዲት ቃል አልጨመርሁም።"

"አንቺ ሕንድኛ ትችያለሽ?"

"እንግሊዝኛውን አይቼ ነው።"

"ጋሽ ቢያዝን ከሕንድኛው ነው በቀጥታ!" አለ አንዱ፤ ሰውም አጨበጨበ።

አባቴ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ። "ነገ ቢያዝን ይተረጉመዋል" አሉ። "ጽሑፉም ይጥፋ።" አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እሑድ እንደሚሞላ ያን ጊዜ አወቅሁ። ልደሰት ይገባኝ ነበር፤ ደስታው ግን እምቢ አለኝ። አባቴ ያንን ሲሉ ጋሽ ቢያዝንን ለምን እንደዚያ አዩአቸው? ጋሽ ቢያዝንስ አንገታቸውን ለምን ደፉ?

በር ላይ ጠብቄ ያዝኋቸው።

"ጋሽ ቢያዝን፣ የትኛው ነው እውነቱ?"

"ፊልምም ሲያረጅ ጠባዩ ይለወጣል፣ የኔ ልጅ።"

"ይቀልዱብኛል? ሕንድኛ ይችላሉ አይችሉም?"

"ያኔ እችል ነበር።"

"አሁንስ?"

"ረሳሁት" አሉና እርጅና ተጭኗቸው ይሁን ሽሽት እንጃ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ሄዱ።

ሊድያ ዕቃዋን ስትሰበስብ "ነገ ጽሑፉን ላጥፋው?" አለችኝ። አጥፊው ልላት አፌን ከፍቼ "ተዪው" አልኋት። ለምን እንዳልሁ አላውቅም። ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፉ ሌላ ነው፤ እኔ በሁለቱ መሀል ቆሜ ማንን እንደምደግፍ አላውቅም፤ ብቻ አንዱ ከጠፋ ምንም እንደማይገባኝ ተሰማኝ።

እሑድ ከቅዳሜው ባሰ። ሰገነቱ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ነበር፤ የጎርጎራን ጀልባ የሚጠብቁ መንገደኞች ሳይቀሩ ጓዛቸውን ይዘው ገብተው ነበር። ለጋሽ ቢያዝን ከሸራው ጥግ በርጩማ አደረግንላቸው። "ዓይኔ አያይም፤ ዘይነት አጠገቤ ትሁንና ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ትንገረኝ" አሉ። ተቀመጥሁ። ፊልሙ ሲጀምር ጽሑፉ ከሥር ብቅ አለ።

"ጽሑፉ ይጥፋ አልተባለም?" አሉ አባቴ።

"ማሽኑ እምቢ አለኝ ሐጂ" አለች ሊድያ። ስትዋሽ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

"ችግር የለም፣ አናነበውም!" ብሎ ጮኸ አዳራሹ።

ጋሽ ቢያዝን ማይክሮፎኑን ያዙ። ድምፃቸው አርጅቷል፤ ሲናገሩ ግን ያው ናቸው። ሴትዮዋ ስትጨፍር "እዩ ኀዘኗን!" አሉ፤ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ሳህኑ ሲመጣ "መርዝ ነው!" አሉ፤ "አትብዪ!" ብሎ አዳራሹ ተቀበላቸው። ባንቺአየሁ መሐረቧን አርጥባለች። እኔ ከጎናቸው ሆኜ በጆሮዬ የሳቸውን እሰማለሁ፣ በዓይኔ የሊድያን አነባለሁ። በጆሮዬ ሴትዮዋ ገረድ ናት፤ በዓይኔ ሚስት ናት። በጆሮዬ መርዙ ሊገድላት ይደርሳል፤ በዓይኔ ቤት ቀለም ትቀባለች፣ ከጎረቤት ትሳሳቃለች። ራሴን አዞረኝ። ሁለቱም እውነት መሰሉኝ፤ ቀጥሎ ሁለቱም ውሸት መሰሉኝ።

ከዚያ የጀልባዋ ቀዛፊ መጣ። ይህ ቦታ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ነው። ቀዛፊው ወዲህ ማዶ ተሻግሮ የባልየውን በር ያንኳኳል። በጋሽ ቢያዝን ታሪክ ይህ ሰው አማላጅ ነው፤ ለባልየው ሌላ ሚስት ሊያመጣለት። ባልየው "የሚስቴን ቦታ ለማንም አልሰጥም!" ብሎ ያባርረዋል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። ሰው ለጭብጨባው እጁን አዘጋጅቶ ጠበቀ።

ጋሽ ቢያዝን አልተናገሩም። ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ማይክሮፎኑን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

"አንቺ አንብቢው" አሉኝ በሹክሹክታ። "ይህንን እኔ ሁለተኛ አልለውም።"

ሸራው ላይ የነበረውን አነበብሁ። ድምፄን በማይክሮፎን ሰምቼው ስለማላውቅ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"የልጅቱ እናት ልካኝ ነው። ልጄ ናፍቃኛለች፤ ላኩልኝ ትላለች።"

ባልየው መለሰ፤ እሱንም አነበብሁ። "እናት የላትም። ሂድ፤ ሁለተኛ በዚህ በር እንዳትመጣ።"

ያጨበጨበ የለም። እኔም ወዲያው አልገባኝም፤ ቃሉን አንብቤ ከጨረስሁ በኋላ ነው ደልጊ ትዝ ያለኝ። ቀና ስል አባቴ ከመሀል ቆመዋል። ፊልሙን ሊያስቆሙ መስሎኝ ሊድያን በዓይኔ ለመንኋት። አባቴ ግን ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"ቢያዝንን እንዳትቀየሙት" አሉ። "ይህን ፊልም በር ዘግተን ሁለታችን አየነው፤ ቢያዝንም የገባውን ነገረኝ። ሚስቴ የሄደችበት ዓመት ነበር። ሚስት ባሏን ትታ ሄዳ ሲያምርባት፣ በገዛ ሲኒማዬ፣ ለከተማው ሁሉ ላሳይ? መልሳት አልሁት። መለሳት።"

ተቀመጡ። የጄኔሬተሩ ድምፅ ከውጭ ይሰማል። ሸራው ላይ ሰዎቹ ማውራታቸውን ቀጥለዋል፤ የሚተረጉምላቸው የለም። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደተናደድሁ ግን ለይቼ አላውቅም። በአባቴ? በጋሽ ቢያዝን? ያቺን ሴት አይታ እናቴ ናት ባለችው ሞኝ ልጅ?

"ቀጥዪ እንጂ ዘይነት" አለች ባንቺአየሁ ከፊት ወንበር። "ልጅቱ ምን ሆነች?"

ቀጠልሁ። ልጅቱ ምን እንደሆነች ከሕዝቡ ጋር እኩል ነው የሰማሁት። አክስቷ በድብቅ ጀልባ ላይ አሳፈረቻት። መጨረሻ ላይ የሚተቃቀፉት ወዲህ ማዶ አይደለም፤ ወዲያ ማዶ ነው። ከሩቅ ቆሞ የሚታየውም ይቅር ባዩ ባል አይደለም፤ ሳህን ያቀርብላት የነበረው ነው። እናቲቱ አንድም ቀን አልተመለሰችም። የተሻገረችው ልጅቱ ናት።

መብራት ሲበራ ሰው እያጨበጨበ ይሁን ወይስ ሊነሳ ወንበሩን እየገፋ ለየሁት አልልም። በር ላይ እየተጨቃጨቁ ወጡ። ግማሹ "በጋሽ ቢያዝን ይደገምልን"፣ ግማሹ "በጽሑፉ ይደገምልን" ይላል። ባንቺአየሁ "በሁለቱም ይሁን፤ እኔ በሁለቱም አልቅሻለሁ" ብላ ሄደች። አካሉ ጥግ ላይ ቆሞ ሲያይ ኖሯል፤ ለአባቴ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነስቶ ወጣ። ጋሽ ቢያዝንን ሊድያ ክንዳቸውን ይዛ ሸኘቻቸው።

አባቴና እኔ ብቻ ቀረን። አባቴ ከወንበራቸው አልተነሱም። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

"ሞልቷል" አሉኝ። "ቃሌ ቃል ነው፤ አልሸጠውም። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እዘዥበት።"

የፈለግሁትን አገኘሁ ማለት ነው። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። አፌን የሞላው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

"ቀዛፊውስ?" አልኋቸው። "እሱም የፊልም ነው ወይስ እኛም ቤት መጥቶ ነበር?"

ጺማቸውን ያዙት። እምቢ ያሉኝ መስሎኝ ልነሳ ስል ተናገሩ።

"መጥቶ ነበር። ፊልሙ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው። አንቺ ቁርአን ቤት ነበርሽ። ከደልጊ ጀልባ የወረደ ሰው ነው።"

"ምን ብላ ላከችው?"

"አላውቅም።"

"አባባ!"

"ወላሂ አላውቅም። ከሰሚሐ ዘንድ ነው የመጣሁ ብሎ ሲጀምር በሩን ዘጋሁበት። አላስጨረስሁትም።" ወደ ሸራው ጠቆሙ። "ያችኛዋ እንዳለችው ይሆናል ያለችው። ላኩልኝ ብላ ይሆናል።"

"ይሆናል ነው የሚሉኝ?"

ልጮህባቸው ፈለግሁ፤ ያረጀ ሰው ላይ እንዴት ይጮሃል? ላኩልኝ ብላ ይሆናል። ደህና ናት ወይ ብላ ብቻም ይሆናል። አንድ ልብስ ልካልኝም ይሆናል። ሴትዮዋ ጀልባው ላይ ያለችውን ቃል በቃል ለከተማው አንብቤያለሁ፤ እናቴ ያለችውን ግን የሰማው ያ ሰው ብቻ ነው።

"ማን ይባል ነበር ሰውዬው?" አልኋቸው። "ደልጊ ሄጄ እፈልገዋለሁ። ዘመድ አያጣም፤ ልጆች ይኖሩታል። ስሙን ብቻ ይንገሩኝ።"

አባቴ ባዶውን ሸራ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ስሙን አልጠየቅሁትም" አሉኝ።